«ቆመህ ጠብቀኝ»፦ ስለ ሁለተኛዋ ጥይት ታሪክ

በአማርኛ ከሚታወቁት የመሣሪያ ስሞች ሁሉ እንደ «ቆመህ ጠብቀኝ» እውነቱን አፍርጦ የሚናገር ያለ አይመስለኝም። ባላገሩ ከአፈሙዙ በኩል የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ የጠራው በዚህ ስም ነው። አንዴ ተኩሶ ዳግም እስኪያጎርስ ድረስ ጠላቱ እንደ ጨዋ እንግዳ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል ማለት ነው። ስሙ ቀልድ ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ግን አንድ የጦር አካዳሚ መምህር በሦስት ሰዓት ትምህርት ከሚያስረዳው የሚያንስ አይደለም።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ጠመንጃ መቁጠር ይወዳሉ። በእገሌ ዘመን ይህን ያህል ሺህ ገባ፣ በእገሌ ዘመን ይህን ያህል ተማረከ ይሉናል። ዛሬም በየቡና ቤቱ ስለ አገር ሲወራ ክርክሩ «ማን ምን ያህል ታጥቋል?» ከሚለው አልፎ አይሄድም። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሁለት ጥያቄዎች ይበልጥ ይገዱኛል። አንደኛው፣ የመጀመሪያዋ ጥይት ከተተኮሰች በኋላ ሁለተኛዋ እስክትጎርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያቺን ሁለተኛ ጥይት የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። ያለፉት 150 እና 160 ዓመታት ፖለቲካችን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውጭ ሊነበብ አይችልም።

ቋንቋችን ራሱ ይህን የተረዳ ይመስላል። መሣሪያ ጥይት ሲገባበት «ጎረሰ» እንላለን፤ ጉርሻ የሚለውን የፍቅር ቃል የሰጠን ያው ግስ ነው። ጉርሻ ደግሞ ምንጊዜም አጉራሽ አለው። ጥይት አልተኩስ ሲል «ከሸፈ» እንላለን፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ብለው ሲሰይሙት ቃሉን የወሰዱት በየቤቱ ከሚታወቅ ነገር ነው። «ሽጉጥ» የሚለውም ከመሸጎጥ የመጣ ነው፤ በመታጠቂያ ሥር የሚሸጎጥ፣ የማይታይ ማለት ነው። ነፍጠኛ የሚለውን ቃል ዛሬ ለስድብ የሚጠቀሙበትም ሆኑ ለኩራት የሚለብሱት ሰዎች አንድ ነገር ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል፦ ያ ጥንታዊው ነፍጥ ያዥ በጦር ሜዳ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመተኮስ ሳይሆን በማጉረስ ነበር።

የምኖረው ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል እንደሆነ ይታወቃል፤ በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያ ከሆነ በኋላ ግን ለብዙው ተሳፋሪ የመውረጃ ስም ብቻ ሆኗል። ሆኖም በአካባቢው ሻይ ቤቶች ለሚቀመጥ ሰው ስሙ አሁንም ትርጉም አለው። በዚህ ሰፈር የጡረታ ወታደር አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱ የሆኑ አንድ ሻምበል፣ በቀድሞው ጦር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ማካሮቭ ሽጉጥ የታጠቁ ሰው፣ ስለ ጦር ስጠይቃቸው ጀግንነት አያወሩልኝም። የሚያወሩልኝ ስለ ካርታ ነው፤ ካርታ ማለት በወታደሩ አነጋገር የጥይት መያዣው ካዝና ነው። አንድ ቀን የመነጽራቸውን ማኅደር እንደ ካርታ፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሽጉጥ አድርገው ሽጉጥ መቼና እንዴት እንደሚሞላ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ የሚሞላበት ጊዜ ሦስት ነው» አሉኝ። አንደኛው ባዶ ሲሆን ነው። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ የሽጉጡ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቀራል፤ ያኔ ባዶው ካርታ ወጥቶ ሙሉው ይገባል፣ ብረቱም ሲለቀቅ አዲሷን ጥይት ይዞ ይዘጋል። ይህ የግድ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም፤ ስለዚህ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሁለተኛው ፋታ ሲገኝ ነው። ሰውየው ከለላ ይዞ፣ ካርታው ገና ሳያልቅ፣ የተጋመሰውን አውጥቶ በኪሱ አኑሮ ሙሉውን ይተካል። የጎረሰችው ጥይት በቦታዋ ስላለች መሣሪያው ለአፍታም ባዶ አይሆንም። «ያወቀ ወታደር ሁልጊዜ የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያላወቀ ግን ፋታ ሲያገኝ ሲጋራ ያጨሳል» አሉኝ። ሦስተኛው ሲከሽፍ ነው። ካርታውን ከሥሩ መታ አድርጎ እንደገና ማቀባበል፤ እምቢ ካለ ካርታውን ነቅሎ፣ የተቀረቀረውን አስወጥቶ፣ በአዲስ መጀመር ነው።

ማካሮቭ 8 ጥይት ይይዛል፤ የካርታው መልቀቂያ በእጀታው ግርጌ ስለሆነ ሁለተኛ እጅ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ የመጣው ኮልት 7 ብቻ ቢይዝም መልቀቂያው ከአውራ ጣት ሥር ያለች ቁልፍ ናት፤ ስትጫን ባዶው ካርታ በራሱ ይወድቃል። ሻምበሉ ሁለቱንም ያውቃሉ። ሩስያው አሮጌ ካርታ እንዲጠፋ አይፈልግም፣ አሜሪካዊው ግን ስለ ካርታው ግድ የለውም፤ ልዩነቱ የፋብሪካ ብዛት ነው አሉኝ። በዚህ አባባላቸው ውስጥ የቀዝቃዛው ጦርነት ኢኮኖሚ ያለ መሰለኝ።

እነዚህን ሦስት ጊዜያት በልቤ ይዤ ወደ መቅደላ ልመለስ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ አምባ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረደ። ነፍጥ ከያዘው ብዙው የያዘው ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ባሩድ ይፈሳል፣ አረር ይገባል፣ በቀጭን ዘንግ ይጠቀጠቃል፣ በመምቻው ሥር ካፕሱል የሚባለው የመዳብ ቆብ ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚነጣጠረው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቆሞ ነው፤ ተኝቶ ዘንግ መጠቅጠቅ አይመችም። በደንብ የሠለጠነ ሰው በደቂቃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ስለዚህም የአባቶቻችን የውጊያ ስልት ነፍጡን አንዴ ተኩሶ፣ ጢሱን ከለላ አድርጎ፣ በጎራዴና በጦር መግባት ነበር። ሞኝነት አልነበረም፤ ለዘገምተኛ ጠመንጃ የተገኘ ብልህ መልስ ነው።

የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ግን ስናይደር የሚባለውን፣ እኛ በኋላ ሰናድር ያልነውን ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከኋላው ተከፍቶ ያለቀለት ጥይት ይጎርሳል፤ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። ከተኮሰ በኋላ ይቆማል ተብሎ የተጠበቀው ጠላት አልቆመም። ጎራዴ የመዘዙት ሰዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ተኩስ መካከል ሊያልፉበት የሚገባው ክፍተት ተዘግቶ ጠበቃቸው። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሞቱ፣ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ያህል ሰው ብቻ ነው። ይህን የጀግንነት ማነስ ወይም የእግዚአብሔር ቁጣ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኔ የማየው የጥቂት ሰከንዶችን ልዩነት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነበር። ስለዚያ ሽጉጥ ብዙ ተብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጠመንጃ ታሪካችን የሁለተኛዋ ጥይት ታሪክ ሲሆን የሽጉጥ ታሪካችን ግን የመጀመሪያዋ ጥይት ታሪክ ነው። ሽጉጥ በእኛ አገር ጦርነት ያሸነፈበት ቀን የለም። የማዕረግ ምልክት፣ የንጉሥ ስጦታ፣ በመጨረሻም የመጨረሻ ውሳኔ መሣሪያ ነው። ከ92 ዓመታት በኋላ፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ገርማሜ ንዋይ ከመማረክ ይልቅ ወንድማቸውን ጄኔራል መንግሥቱን፣ ከዚያም ራሳቸውን ተኮሱ። ጄኔራሉ ቆስለው ተርፈው በዚያው ዓመት መጋቢት ተሰቀሉ። በመቅደላም ሆነ በዚህ ለሁለተኛ ካርታ ቦታ አልነበረም።

ከመቅደላ ትምህርቱን ፈጥነው የወሰዱት በዝብዝ ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ናፒየር ሲመለስ 850 ያህል ጠመንጃና ጥቂት መድፎች ትቶላቸው ሄደ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ ላይ በቁጥር የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ያሸነፉት በዚያና በሥልጠና ነው። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ሬሚንግተን የሚባለውን ፈጣን ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ በጉንደትና በጉራዕ ተሸንፈው በሺዎች የሚቆጠረውን ጥለውት ሄዱ። የጠላት መሣሪያ የእኛ ሆነ። ጥይቱስ? የተማረከ ጠመንጃ የተማረከ ጥይት እስካለ ድረስ ነው የሚኖረው፤ ከዚያ በኋላ ዱላ ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ የተረዱት አፄ ምኒልክ ይመስሉኛል። አውሮፓ በዚያ ዘመን ጠመንጃዋን እንደ ልብስ ትለውጥ ነበር፤ የተጣለው ወደ እኛ ይመጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አውሮፓ ከተወችው ብዙ ዓመት ያለፈው፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ካፕሱል ነበር። ሰውየው በትርፍ ተስፋ ገብቶ ተከራክሮ ወጣ፤ ምኒልክ ዋጋውን ቆርጠው ከፈሉት። የቅኔ ሰው በንግድ ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል፣ ግን ንጉሡ «ቆመህ ጠብቀኝ»ን በሰናድር ዋጋ አልገዛም ማለታቸው ተገቢ ነበር።

ከውጫሌ ውል በኋላ በ1882 ዓ.ም. ራስ መኮንን ከኢጣልያ 38,000 ጠመንጃና 28 መድፍ ይዘው መጡ። ጠመንጃው የሚታይ ነገር ስለሆነ ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1885 ዓ.ም. ኢጣልያ የምኒልክን ልብ ለማለዘብ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው የካቲት ውሉ እንዲፈርስ ለመንግሥታት ጻፉ። ሻምበሉ «ፋታ ሲገኝ መሙላት» ያሉት ይህ ነው። ካርታው ሳያልቅ፣ በከለላ ውስጥ፣ በጠላት ወጪ። ከዚህ የበለጠ ፋታ የተጠቀመ የኢትዮጵያ መንግሥት አላውቅም።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ የእሮጌው ክፍተት የለም። ከእኛ በኩል ወጂግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድርና ሌላውም ተቀላቅሎ ነበር። ኢጣልያኖች በበኩላቸው አዲሱን ባለ 6 ጥይት ካርካኖ ትተው፣ የጥይቱን ዓይነት አንድ ለማድረግ ሲሉ፣ አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው ወጥተዋል። የጥይት አቅርቦትን ከፍጥነት አስቀደሙ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከኋላቸው ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ሁለት ዓይነት ጥይት ማጓጓዝ አይቻልም። አድዋን የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ለማድረግ አልፈልግም፤ መሣሪያው ባይመጣጠን ኖሮ ግን የቀረው ሁሉ መናገሪያ ዕድል አያገኝም ነበር።

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ጥይት ገንዘብ ነበር። ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች ለሚሆነው ዝርዝር፣ ከአሞሌ ጨው ጎን፣ የወጂግራ ጥይት በገበያ ይዞር ነበር። ለዕቃ ዋጋ የሚሰጥ ጥይት፣ የተኮሰው ሰው ገንዘቡን እንደተኮሰ ይቆጥረዋል። ዛሬ በየሠርጉ ወደ ሰማይ የሚረጨውን ሳይ ይህን አስታውሳለሁ።

የማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋታው ተቃራኒ ነው። በጦርነቱ ዋዜማ መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥልን ከለከሉ፤ ክልከላው የራሱ ፋብሪካ ያላትን ኢጣልያን የሚነካ አልነበረም። ወታደሩ እጅ ላይ የነበረው ጠመንጃ የ50 ዓመት ቅርስ ነው፦ ወጂግራ፣ ምንሽር፣ ማውዘር፣ ሌላም። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አጠገቡ የወደቀውን ጓደኛ ዝናር ፈትቶ የታጠቀ ሰው የማይጎርስ ጥይት ሊታጠቅ ይችላል። በመርዝ ጋዙና በአውሮፕላኑ ላይ ይህ ሲጨመር የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት አርበኛው ማጉረስን እንደገና ከመጀመሪያው ተማረ። ባሩድ በአገር ቤት መውቀጥ የቆየ ጥበብ ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ከከተማ ጥይት እየደበቁ ያወጡ ነበር፤ እሳቸው በዚህ ሥራ ተይዘው ተሠቃዩ፣ ወደ ኢጣልያ እስር ቤትም ተጋዙ። ዋናው ምንጭ ግን ሌላ ነበር። የሻምበሉ አባት አርበኛ ነበሩ፤ «ጥይት ከየት ያገኙ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነው። «ከገደሉት ሰው ወገብ።»

ከነጻነት በኋላ ያለው በአንድ ቃል ሊባል ይችላል፦ አጉራሹ ተለዋወጠ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት ጦሩ በአሜሪካ መሣሪያ ታነጸ። ከዚያ በፊትም ወደ ኮርያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተዋጋው ኤም ዋን በሚባለው ጠመንጃ ነው፤ 8 ጥይት በአንድ ብረት ታስሮ ይጎርሳል፣ ሲያልቅ ብረቱ ጭል ብሎ ይወጣል። ሳያልቅ መሃል ላይ መሙላት ግን አይመችም። ፋታ አይወድም።

ያ ጭልታ በመንግሥት ደረጃ የተሰማው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የአሜሪካ ወታደራዊ ተቋማትን ዘግቶ ባለሙያዎቹን አስወጣ። በሐምሌ የሶማልያ ጦር ኦጋዴን ገባ። አንድ ጦር በጦርነት መካከል ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን የጥይቱን መጠን፣ መለዋወጫውን፣ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ጭምር ለወጠ። ከከተማው በስተምዕራብ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሽያ በሶቪየት መሣሪያ ዘመተ። ሻምበሉ ኮልታቸውን አስረክበው ማካሮቭ የተቀበሉት በዚያ ጊዜ ነው። ድሉ የተገኘ ድል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የአንድ አገር ጦር አጉራሹን በአንድ ዓመት ውስጥ ሲለውጥ ፖለቲካው አብሮ የማይለወጥ የሚመስለው ካለ የዚያን ዘመን ጋዜጦች ያንብብ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ የሞስኮው እጅ አስቀድሞ ተሰብስቦ ነበር፤ የተበተነው ጦር ክላሽ ወደ ገበያ ወጣ፣ ከገበያም ወደየቤቱ ገባ።

ዛሬ የራሳችን የጥይት ፋብሪካ አለን፤ በደርግ ማብቂያ ዓመታት አምቦ አካባቢ የተቋቋመው ሆሚቾ ነው። የጠመንጃው ፋብሪካ ስም ጋፋት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት መንደር ስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ማን መታጠቅ እንደሚችል ደነገገ። ቴዎድሮስ የተመኙት፣ ምኒልክ በብልጠት የተኩት፣ ማይጨው ላይ የጎደለው ነገር፣ ማለትም ሁለተኛዋን ጥይት ከራስ እጅ ማግኘት፣ በመጠኑም ቢሆን ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

አዋጁ በወጣ በዓመቱ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶርያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ቀጠለ። እሮጌ ላይ የጠላት ጥይት ለእኛ ጠመንጃ አይሆንም ነበር፤ ማይጨው ላይ የገዛ ወገናችን ጥይት እንኳ አይሆንም ነበር። በዚህኛው ጦርነት በሁለቱም በኩል ያለው ክላሽ ያው ነበር፤ የአንዱ ካርታ ለሌላው ጠመንጃ ልክ ነበር።